የአባቴ ዳኝነት

አባቴ በዚህ ቆላ ላይ የተሾመው በሙያው አይደለም፤ በደሙ ነው። የንጉሡ ዘመድ ስለሆነ ብቻ ገና ጢሙ ሳይሞላ አውራጃ ግዛ ብለው ላኩት። ሽፍታ በገበያ መሀል አሰቅሏል፣ ከብት ሌባ አስገርፏል፣ የተጋደሉ ቤተሰቦችንም አስታርቋል። ሁሉንም ሲያወራ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው፤ እኔን የሚያናድደኝ ያ ነበር። አብዮቱ መጥቶ ታሰረ፣ ተፈታም። ዘመዶቹ ባሕር ማዶ ሲበታተኑ እሱ መተማ ተመልሶ ሰሊጥ አራሽ ሆነ። ሹመቱ መሻሩን ግን ደፍሮ የነገረው ያለ አይመስለኝም። ባላገሩ ዛሬም ድረስ ሲያገኘው ጎንበስ ብሎ "ጌታዬ" ይለዋል።

በአጨዳው ሰሞን የጎረቤታችን ታላቅ ልጅ በእርሻ ወሰን ተጣልቶ ሰው ገደለ። ጎረቤታችን ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ብቻ ያሏት ሴት ናት። ጥይቱ የሟቹን መንጋጋ ይዞት ሄደ፤ ነዶው ላይ የተረጨውን ደም የቀን ሠራተኞቹ አፈር አለበሱት። ሳይውል ሳያድር የሟች ወንድሞች ቤቷን አቃጠሉ፣ በሬዎቿን በታሰሩበት በክላሽ ፈጇቸው። ገዳዩ ጫካ ገባ፤ እናቱም ወደ እኛ መጣች።

ፍርድ አልጠየቀችም። "ጌታዬ፣ ትራክተሩን ብቻ ያውሱኝ። ልጄን ድንበሩ ድረስ ያድርስልኝና ሱዳን፣ ገላባት ይሻገር" አለችው።

ቁልፉን ይዤ ተነሣሁ። አባቴ "ተቀመጪ" አለኝ። ወደ እሷ ዞሮም "እኔ እያለሁ ሰው ከአገሩ አይሰደድም። ድንጋይ ተሸክሞ ይውጣ፤ አስታርቃለሁ" አላት።

ሽማግሌዎቹ ሰምተው ደነገጡ። አንዱ "ምነው ጌታዬ፣ የትናንት ደም እኮ ነው!" አሉት። "ገዳይ እንደተሸሸገ ይቆይና እኛ አስቀድመን እንለምን። የሟች ወገን እሺ ብሎ ሳይምል እንዴት ዓይን ለዓይን ይተያያሉ?"

"እኔ ስጠራ ሁሉም ይመጣ ነበር" አላቸው።

እውነቱን ነው፣ ይመጣ ነበር። ያኔ ግን ከኋላው ነፍጠኛ ቆሞ ነበር፤ አሁን ከኋላው የቆምኩት እኔ ነኝ። ይህን በሆዴ ይዤው ቀረሁ፤ እናትየዋም የጌታ ቃል ነው ብላ ልጇን ከጫካ አወጣችው።

ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ዋርካው ሥር ተሰበሰብን። ልጁ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ መጣ። የሟች ታላቅ ወንድም መሣሪያውን አስቀምጦ መስቀል ተሳለመ። ደስ አለኝ፣ ዕርቁ የወረደ መሰለኝ። አባቴ ጉሮሮውን ጠርጎ መናገር ሲጀምር የሟች ታናሽ ወንድም ከጋቢው ሥር ሽጉጥ መዝዞ ተኮሰ።

ልጁ በአፍጢሙ ተደፋ፣ ድንጋዩም ላዩ ላይ ወደቀ። "በሕግ አምላክ!" ብሎ አባቴ ጮኸ። ያ ቃል በሱ ዘመን የሚሮጥ ሰው ያስቆም ነበር። ታናሽየው ዞሮም አላየው፤ ጠጋ ብሎ የወደቀውን ደገመው። ከዚያ ከሁለቱም ወገን ተኩስ ተከፈተ። አንድ ቄስ ክንዳቸውን ተመቱ። አባቴን በኩታው ጎትቼ ግንዱ ሥር ጣልኩት፤ ሱሪው እስከ ጉልበቱ በልጁ ደም ርሶ ነበር። እናትየዋ በተኩሱ መሀል ድንጋዩን ከልጇ ላይ ለማንሣት ትታገል ነበር።

ሐዘን ከተቀመጠችበት ተነሥታ ወደ ቤታችን ስትመጣ አባቴ ቆሞ ጠበቃት። ትረግመዋለች ብዬ ነበር፤ እንድትረግመውም ፈልጌ ነበር። እሷ ግን እንደ ወትሮው ጉልበቱን ሳመች።

"ጌታዬ፣ የቀረኝ ልጅ ዛሬ ጠዋት በእግሩ ተሻግሯል። እንዳይጠሩብኝ ልለምንዎ ነው የመጣሁ።"

"ሱዳንም እኮ ጦርነት ነው" አላት።

"የዚያ ጥይት ስሙን አያውቀውም።"

አባቴ "አልጠራውም" አላት።

"ይማሉልኝ" አለችው።

ማለላት።