የመምህር ኢድሪስ ነጭ ሸሚዞች

ስታርች የጠጣ ነጭ ሸሚዝ ላይ የጋለ ካውያ ሲያርፍ የሚወጣው እንፋሎት፣ ካርቲየ 6 በሚባለው ሰፈር ከምሠራበት ላውንደሪ አንስቶ መምህር ኢድሪስ ግቢ ያደርሰኛል። የድሬዳዋ ሰው ነበር፤ ፊዚክስ አዋቂ፣ አፉ ግን መርዝ። ለባካሎሪያ፣ ለሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያው ፈተና፣ ያስጠናን ነበር። የሚያስመዘግበንም እሱ ነው፤ ያላመነበትን አያስመዘግብም። እናቴ ፈረንጆች ቤት እያደረች የምትሠራ ሠራተኛ ስለነበረች መክፈል አትችልም። በምትኩ አርብ አርብ፣ በዕረፍት ቀኗ፣ ሸሚዞቹን ታጥባለች፣ ትተኩሳለች።

ቀትር ላይ የጫት መኪኖች ጥሩምባ ሲያስጮኹ ጠመኔውን ያነሳል። «ሙዮን የሚባለው ከአቶም ያነሰ ቅንጣትም እንደ ጫት ነው፤ ቶሎ ያልቃል» ይለናል። «ከሰማይ ሲወርድ ዕድሜው ለመንገዱ አይበቃውም። ግን ስለሚከንፍ ሰዓቱ ይዘገይለትና መሬት ይደርሳል። ድንጋይ ውስጥ የገባ ጊዜ ፍጥነቱን ይነጠቃል፣ ሰዓቱም መሮጥ ይጀምራል፤ ብዙው እመንገድ ይቀራል።» ከዚያ የእያንዳንዳችንን የመትረፍ ዕድል በጠመኔው እየጠቆመ ይናገራል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ተራው እስኪደርሳቸው።

አንድ ቀን እጄን አወጣሁ። «ለራሱ ለሙዮኑስ ዕድሜው ይረዝምለታል?»

ጠመኔውን ወደ እኔ ቀሰረ። «አይረዝምለትም። ለራሱ ያው አጭር ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ጠያቂዋ ግን ድንጋይ ውስጥ ናት።»

የምዝገባው ሳምንት አርብ እናቴ አረፋውን ከእጇ ጠርጋ ወደ በረንዳው ወጣች።

«መምህር፣ ልጄን አስመዘገቡልኝ?»

«ልጅሽ አታልፍም፤ አላስመዘገብኳትም።»

«መቼ ነው ይህን ያወቁት?»

«በመጀመሪያው ወር።»

«ታዲያ ምነው ያኔ ሳይነግሩኝ ቀሩ?»

ገመዱ ላይ የተሰጡትን ሸሚዞች አየ። «እንዳንቺ አድርጎ የሚተኩስልኝ ከየት አገኛለሁ?» አለ፣ ምንም ሳያፍር።

እናቴ የቀሩት ሸሚዞች ተዘፍዝፈው ስለነበር ተመልሳ አጥባ ጨረሰቻቸው። ያን ቀን የጠላሁት እሱን ይሁን እሷን ዛሬም አላውቅም።

ሲሞት ሰፈሩ ሁሉ አላህ ይማረው አለ፤ እኔ አሜን አላልኩም። ያስተማረኝን ግን ከእንቅልፌ ቀስቅሳችሁ ብትጠይቁኝ አልስተውም። ነጭ ሸሚዝ ሲመጣ ለሥራ ባልደረባዬ አሳልፋለሁ። እሷ በሌለችበት ቀን እኔው እተኩሰዋለሁ፤ እንደ እናቴ፣ ከኮሌታው ጀምሬ።