ወለል ለሌለበት ቤት የሰፋነው ከረጢት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት እትዬ ሮዛ ከስፌት መኪናው በፊት ያሳዩኝ የመርፌ ሳጥኑን ነው። እሳቸው አባታቸው ጣሊያን፣ ትውልዳቸው አሥመራ፣ ሮም ዳር ባለው ስፌት ቤታችን ደግሞ ተቆጣጣሪ ነበሩ። የምንሰፋው ነጭ ከረጢት ነው። ምግብ፣ ልብስና መድኃኒት ይታሸግበትና ሰው በማይሳፈርበት የጭነት መንኩራኩር ወደ ጠፈር ጣቢያ ይሄዳል።

«ስሚ ልጄ» አሉኝ፤ «ቤትሽ መርፌ ሲጠፋ ወለል ላይ ትፈልጊያለሽ። እዚያ ወለል የለም። ከረጢቱን ሲከፍቱ ተንሳፍፋ ዓይን ውስጥ ትገባለች። መርፌ ከተሰበረ መኪናውን አቁሚ፣ እጅሽን አንሺ። ስብርባሪው ተገጣጥሞ ሙሉ ካልሆነ ሌላ መርፌ አይሰጥሽም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፍርሃት ገባኝ። አዲስ አበባ ልብስ ስሰፋ መርፌ አንገትጌዬ ላይ ሰክቶ መርሳት ልማዴ ነበር። ኤስኲሊኖ ሰፈር ካለው ቤቴ ከገባሁም በኋላ አንገትጌዬን እዳስሳለሁ።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሲል፣ ወፍራሙን ማንገቻ ስሰፋ መርፌው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ጣቴን ወጋ ያደረገኝ መሰለኝ፤ ከድንጋጤዬ ብዛት ልብ አላልኩትም። ሁለት ስብርባሪ አገኘሁ። ጫፏ የለችም።

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ፍርሃቴም ዝም በይ አለኝ። ኮንትራቱ ካልተፈረመልኝ ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ አይታደስም፤ ያለ ፔርሜሶ ደግሞ ሮም መኖር አልችልም። ግን ከረጢቱን የሚከፍተው የዚያ የማላውቀው ሰው ዓይን ፊቴ ላይ ድቅን አለ። እጄን አነሣሁ።

አለቃችን ሲኞር ማርኮ እየሮጠ መጣ። ከረጢቶቹን የሚወስደው ካሚዮን በር ላይ ይጠብቃል። «አሎራ፣ እንግዲህ የት ገባች?» በማግኔት እንዳንፈልጋት ከረጢቱ ራሱ የብረት ዘለበት አለው። ተፈናጥራ የት እንዳረፈች አይታወቅምና የዕለቱን ሥራ ሁሉ ተረተርን። የለችም።

«የዛሬው ሁሉ ይጣላል» አለ። «አንቺ ነገ ኡፊቾ፣ ቢሮዬ ትመጫለሽ።»

ስንሰፋ የምናደርገውን ሰማያዊ የላስቲክ ጓንት ሳወልቅ ውስጡ ደም ነው። ጣቴ አብጧል። እትዬ ሮዛ አዩና ሆስፒታል ወሰዱኝ። ራጅ ተነሣሁ፤ ጫፏ አጥንቴ አጠገብ ጋደም ብላለች። «ተመስገን!» ብዬ ጮኽኩ። ሐኪሙ አበደች ሳይለኝ አልቀረም።

ጫፏ ከጣቴ ከወጣች በኋላ እትዬ ሮዛ ከሁለቱ ስብርባሪ ጋር ገጠሟት። መርፌዋ ሙሉ ሆነች። ሲኞር ማርኮም «ቫ ቤኔ፣ መልካም፣ የተረተራችሁትን መልሳችሁ ስፉ» አለ። በታሸገ ጣቴ ሰፋሁ። ኮንትራቴም ተፈረመ።

ከረጢቶቻችንን የጫነው መንኩራኩር ጣቢያው ላይ ሲደርስ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ካለ የአበሻ ካፌ ሆነን በቴሌቪዥን አየን። ሰው ሲያጨበጭብ እኔ አንገትጌዬን እዳስሳለሁ።

ለአዲስ ገቢዎች የምነግራቸው ይህን ብቻ ነው። መርፌ ሲሰበር መኪናውን አቁሙና እጃችሁን አንሡ። ከዚያ ያነሣችሁትን እጅ እዩት።