ያልተከፈቱት ዘጠኝ ፖስታዎች

ኡላሊያ በዚያ እሁድ ጠዋት ወደ ፕላዛ ማዮር አደባባይ የመጣችው እንደ ሌላው የማድሪድ ሰው በቅስቶቹ ሥር ለመንሸራሸር አልነበረም፤ ሰው ልትሰድብ ነው። እህቷ አዶራሲዮን የሟች እናታቸውን ቁም ሳጥን ስታራግፍ፣ አባታቸው ከጀርመን ይጽፍ የነበረውን ደብዳቤ ሁሉ ሳታማክራት፣ እሁድ እሁድ እዚህ አደባባይ አሮጌ ቴምብር ለሚሸጥ ነጋዴ ሸጣለች።

«ስሙን አታንሱብኝ የምትዪው አንቺ አይደለሽ እንዴ?» ነበር የአዶራሲዮን መልስ።

እውነቷን ነው። አባትየው ለሥራ ሄዶ በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው ቆመ። እናትየው «እዚያ ሴት ይዞ ረሳን» አለች። ኡላሊያ ይኸው ሰባ አንድ ዓመት ሞላት፣ ቂሟ ግን አልበረደም። ቢሆንም ቂሙ የራሷ ነው፤ ማን ገበያ አውጡልኝ አለ?

ነጋዴው ሲፕሪያኖ ፖስታዎቹን በላስቲክ ከረጢት አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ደርድሯቸዋል።

«ደብዳቤዎቹስ?» አለችው።

«ጣልኳቸው፣ እመቤቴ። እዚህ የሚፈለገው ቴምብሩና የፖስታ ቤቱ ማኅተም ነው። ወሬውን ማን ይገዛል?»

«ወሬ? የአባቴን ቃል ነው ወሬ የምትለው፣ አንተ ባለጌ!»

ጎብኚዎቹ ዞር ዞር እያሉ አዩአቸው። ሲፕሪያኖ ሊያበርዳት ሌላ ከረጢት አወጣ።

«እነዚህ ግን እንዳሉ ናቸው። ዘጠኙም ከነእሽጋቸው! እንዲህ ያለ አይገኝም፤ እኔም አልነካኋቸውም።»

የአባቷ የእጅ ጽሑፍ ነው። በዘጠኙም ላይ የእሷ ስም ብቻ። በማኅተሙ ላይ ያለው ቀን ደግሞ «ረሳን» ከተባለ በኋላ ነው። እናቷ ደብቃባት ኖሯል።

አንዱን መዘዘች።

«ኧረ እንዳይከፍቱት! ከተከፈተ እኮ ዋጋ የለውም!»

«ኡላሊያ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸችበትና ቀድዳ አነበበችው።

«ልጄ፣ ለምን አትመልሺልኝም? ለገና ባቡር ጣቢያ ቆሜ ጠበቅሁሽ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ አለቀ።»

ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው። ኡላሊያ ግን ወቀሰች፤ እናቷን በስሟ እየጠራች፣ አደባባዩ እስኪሰማ ወቀሰች። ከዚያ ሁለተኛውን ፖስታ ቀደደች።

ከውስጡ የባቡር ትኬት ወደቀ። ከማድሪድ ወደ ጀርመን፣ ለልጅ የተቆረጠ፣ መሄጃ ብቻ።