ክኒኑን ትታ ቅቤ የጾመችው እህቴ

ይህ የሆነው ዓምና በፋሲካ ሰሞን ነው። ሰው ስለ ምግብና ስለ በሽታ ሲመክር በሰማሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ ትዝ ባለኝ ቁጥርም ያንገበግበኛል።

ታላቅ እህቴ ብርቄ ማንኩሳ አጠገብ ገጠር ትኖር ነበር። እኔ ቡሬ ነኝ። ጡቷ ላይ የወጣውን ዕጢ በቀዶ ጥገና ካወጡላት በኋላ ሐኪሙ እኔ ባለሁበት እንዲህ አላት፤

«የእርስዎ ዕጢ የሴት ሆርሞን የሚያሳድገው ዓይነት ነው። ይህን ክኒን በየቀኑ፣ ለዓመታት ይውጣሉ። ስብም አያብዙ፤ ውፍረት ሆርሞኑን ሊጨምረው ይችላል። ክኒኑን ግን እንዳያቋርጡ።»

የፋሲካ ለት ልጠይቃት ሄድኩ። ቤተሰቡ ዶሮውን ከቦ ይበላል። እሷ ጥግ ይዛ እንጀራ ዘይት በሌለው ሽሮ ታጣቅሳለች። ጉንጯ ገብቷል።

«እታለም፣ ምነው አልገደፍሽም?» አልኳት።

«ስቡ ነው አሉ የሚያሳድገው። ምግቡን ከነፈግሁት ይደርቃል።»

«ክኒኑስ?»

«እሱንማ ተውኩት። ሆርሞን ነው አይደል? ጠላቴን በእጄ ላብላው?»

ይህን የመከሯት የባሏ እህት ወይዘሮ ጥሩወርቅ ናቸው። ፍኖተ ሰላም ይኖራሉ፤ ከተሜ ስለሆኑ ዘመዱ ሁሉ ያምናቸዋል። የስቡን ነገር ስልክ ላይ ከሚዞር ቪዲዮ ሰምተዋል። ክኒኑንም ሰው «የሆርሞን ክኒን» ሲለው ጊዜ ሆርሞን ያለበት መስሏቸዋል። እዚያው ነበሩና ብጠይቃቸው፣ «ክኒኑ እኮ እሳት ይለቅባት ነበር። ይኸው ከተወችው ወዲህ እንቅልፍ ወሰዳት» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው።

ሳምንቱን ሳልጨርስ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ወገቧን ያማት ነበር፤ እሷ የሥራ ድካም ነው ትላለች። ምርመራው ሲመጣ ዕጢው አጥንቷ ውስጥ ገብቷል። ሐኪሙ ክኒኑን ለምን እንዳቋረጠች ጠየቃትና ነገረችው።

«እናቴ፣ ክኒኑ እኮ ሆርሞኑን የሚከለክል ነበር» አላት ቀስ ብሎ።

እህቴ መሬት መሬቱን አየች። «እንግዲያ ወተቱንም ቅቤውንም የተውኩት በከንቱ ነው?»

ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ጻፈላት። ለብቻዬ ግን፣ ክኒኑን ብትውጥም ሊመለስባት ይችል እንደነበር፣ ይህን ማንም እንደማያውቅ ነገረኝ። ይኸ «ማንም አያውቅም» የሚሉት ነገር እስካሁን ያብከነክነኛል።

ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች። ለቅሶው ላይ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ለሴቶቹ ሲያወሩ ሰማኋቸው፤ «ምክሬንማ መች ጠበቀች! ለልጇ ሰርግ ቅቤ የነካው ወጥ ቀምሳለች።»

ሴቶቹ እህቴ በገዛ አፏ የሞተች ይመስል ከንፈራቸውን መጠጡ። እኔ ተነስቼ ወጣሁ።

አሁን ዘመዶች ወይዘሮ ጥሩወርቅን ታረቂያቸው እያሉ ሽማግሌ ይልኩብኛል። በክፋት እንዳላደረጉት አውቃለሁ። ክፋት ቢሆንማ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። መንገድ ላይ ሳገኛቸው «እንዴት ዋሉ» እላቸዋለሁ። ቤታቸው ገብቼ ግን እህል አልቀምስም።