ሳ እና ፋ

ተማሪዎቹ ከኋላዋ «እትዬ ስንኝ» ይሏታል። ስሙ በክፋት የወጣላት አልነበረም። አማርኛ አስተማሪ ናት፤ ግጥም የሚማሩበት ሳምንት ሲደርስ ፊቷ ይፈካል። ስንኝ አንድ የግጥም መስመር መሆኑን፣ ቤት መምቻ ደግሞ የስንኙ መጨረሻ ድምፅ መሆኑን ስታስረዳ ጠረጴዛውን በጣቷ መታ መታ ታደርጋለች። «ዓይናችሁን ጨፍኑ» ትላቸዋለች፤ «ግጥም በጆሮ ነው የሚገባው።»

ቤቷም ገብታ አታርፍም። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። እጁን እየታጠበ ሆን ብሎ የተንጋደደ ግጥም ይደረድርላታል። «ሽቦው ተበጠሰ፣ ሚስቴም ተቆጣች» ሲላት፣ «ቤት አልመታም፣ አንተ ሰው» ትለዋለች። እሱም የፈለገው ይህንኑ ነው።

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ የጻፈችውን ሁለት ስንኝ ተነሥታ አነበበች። አንዱ «ተነሳ» ብሎ ያልቃል፣ ሌላው «ተገፋ» ብሎ።

«ጎሽ፣ ቤቱ ጥርት ብሎ መታ» አለቻት።

 ከወደ ኋላ የታፈነ ሳቅ አመለጠ። ልጅቷ አፍራ፣ «ቲቸር፣ አንዱ እኮ ሳ ነው፣ አንዱ ፋ» አለች። ለአስተማሪዋ ጆሮ ግን ሁለቱም አንድ ሆነው ነበር የደረሱት።

የሄደችበት ሐኪም አላባበላትም። «የደከመው ነርቩ ነው። ወፍራም ድምፅ ይሰማዎታል፣ ቀጭን ቀጭኑ ነው የሚጠፋው። እየባሰ ይሄዳል እንጂ አይመለስም።» ጆሮዋ ላይ የሚሰካ መስሚያ ሰጣት። መስሚያው የወንበሩን መንኳኳትና የበሩን ጓጓታ አጎላላት፤ ቃሉን ግን አላጠራላትም።

አለመስማቷን ደበቀች። ከንፈር እያየች፣ ያልሰማችውን በግምት እየሞላች አስተማረች። ልጆች ግን አይሸወዱም። ክፍሉን በማሳቅ የታወቀ አንድ ረጅም ልጅ ከኋላ ወንበር ተነሣና «ግጥም አለኝ» ብሎ አነበበ። ጓደኞቹ ከንፈራቸውን ነክሰው አጎነበሱ፤ እሷ ተመስጠው መሰላት። የሰማችው ድምፁ ሲወጣና ሲወርድ ብቻ ነው።

«ዜማው ጥሩ ነው። ና ሰሌዳው ላይ ጻፈው፣ ዘይቤውን አብረን እናውጣ።»

ልጁ ንቅንቅ አላለም። ጠመኔውን ዘረጋችለት። መግቢያ ቢያጣ መጥቶ ጻፈ።

ግድግዳና ቲቸር ልዩነት የላቸው፤
ብንጮህም ብንለምን አይሰማም ጆሯቸው።

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ሌላ የምታደርገው ነገር ስለጠፋት አስተማረችው። «እኔና ግድግዳው ተወዳድረናል። አንዱን ከሌላው ማወዳደር ምን ዘይቤ ይባላል?» ከፊት ወንበር አንዷ «ተነጻጻሪ» አለች።

«ሁለተኛው ስንኝስ?»

ልጁ መሬት መሬት እያየ አንድ ነገር አጉተመተመ። «ቀና በልና ተናገር» አለችው። ቀና ሲል ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «ግነት ነው ቲቸር፤ አጋንኜው ነው» አለ። ይቅርታ መጠየቁ ነበር።

«ግነት የሚባለው ከእውነቱ ሲያልፍ ነው» አለችው። «ይኼ አላለፈም። ሂድ ተቀመጥ።»

ወሬው ርእሰ መምህሩ ዘንድ ለመድረስ አልዘገየም። ቢሮው አስጠርቷት ረጅም ንግግር አደረገ፤ ጺሙ ከንፈሩን ስለሸፈነባት ግማሹን አልያዘችም። ደጋግማ «ምን አሉኝ?» ማለት አሳፍሯት ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። በምን እንደተስማማች የገባት በማግስቱ ነው፤ ክፍሏ ስትደርስ ሌላ መምህር ሲያስተምር አገኘች። እሷ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ተዛውራለች።

እዚያ መጀመሪያ ላይ አልከፋትም። ጆሮ ቢከዳ ዓይን አለ ብላ የግጥም መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አወረደች። ከወራት በኋላ ግን ስታነብ ውስጧ የነበረው ድምፅም መደብዘዙን አወቀች። ሳ ፊደል ነው፣ ፋም ፊደል ነው፤ ስንኞቹ ቤት መምታታቸውን በዓይኗ ታያለች፣ ግን ምንም አይመታም። መጻሕፍቱን ወደ መደርደሪያቸው መለሰች።

ባሏ የተንጋደደ ግጥሙን ቶሎ አልተወም ነበር። ሦስቴ ጮኸው የተናገሩት ቀልድ ግን ቀልድ አይሆንም። እሷም የሰማች እየመሰለች ትስቃለች፤ ሳቋ ያለቦታው ሲመጣ እሱ ያውቃል። በኋላ በኋላ «ምን አልክ?» ስትለው «ተይው፣ ምንም አይደል» ማለት ለመደ። እሷን እንደዚህ ቃል የሚያደማት ነገር አልነበረም። አላማረረችም። ደክሞት እንጂ ጠልቷት አለመሆኑን ታውቃለች።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ሳሎን ስትገባ ቴሌቪዥን ሲያይ አገኘችው። አጠገቡ ተቀመጠች። ማሳያው ላይ ድምፁ መዘጋቱን የሚያሳየውን ምልክት አየች።

«ምነው ዘጋኸው?»

ወደ እሷ ዞሮ ቀስ እያለ፣ ከንፈሩን እያሳያት፣ «አንቺ ሳትሰሚ እኔ ብቻዬን ብሰማው ምን ያደርግልኛል» አላት።

«ክፈተው እባክህ።»

ራሱን በእንቢታ ነቀነቀና እጇን ያዘ። ደግነት መስሎታል። እሷ ግን የእሱንም ጆሮ የወሰደችበት ያህል ተሰማት፤ ይህን እንዴት ብላ እንደምትነግረው አላወቀችም። ዜና አንባቢው አፉን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሁለቱም ዝም ብለው አዩት።