ዶልፊን አሳዪው ማንሶክ

ዓሣ አጥማጁን ማንሶክን ዶልፊን የሚያሳይ ጀልባ እንዲጀምር የገፋፋነው እኛው ነን። እኛ የኮሪያዋ የጄጁ ደሴት ጠላቂ ሴቶች ከባህር ወለል ቀንድ አውጣ እየለቀምን ነበር የምንኖረው፤ ባህሩ እየሞቀ ሲመጣ የምንለቅመው ጠፋ። የማንሶክም መረብ ባዶውን ይወጣ ጀመር።

እንደኛው ጠላቂ የሆነችው ሚስቱ ኦክሱን፣ "ዶልፊኖቹ እንደሆኑ በየቀኑ ደጃችን ናቸው። ከተሜው እነሱን ለማየት ይከፍላል አሉ። አንተ ደግሞ ወሬ ትወዳለህ፤ አውራላቸዋ!" አለችው።

እውነትም ተዋጣለት። ዶልፊኖቹን በክንፋቸው ጠባሳ አንድ በአንድ ይለያቸዋል፤ ከሩቅ ቆሞ ታሪካቸውን ያወራል። በሦስተኛው ዓመት ግን ከሌሎች ወደቦች ስምንት ጀልባ መጣ። እየተሽቀዳደሙ መንጋውን ይከቡት ጀመር። የማንሶክ እንግዶችም "እኛስ መቼ ነው የምንጠጋው?" ማለት አመጡ። እሱም ቀስ በቀስ ተጠጋ።

በግንቦት አንድ ቀን እኔና ኦክሱን ለእንግዶቹ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ልናድል አብረነው ወጥተን ነበር። አንዲት ዶልፊን የሆነ ነገር በአፍንጫዋ ስትገፋ ታየች። ሲሰምጥባት ጠልቃ ታወጣዋለች፤ ሲንሸራተትባት መልሳ ትሸከመዋለች።

"ኳስ ትጫወታለች!" ብለው እንግዶቹ አጨበጨቡ።

ማንሶክ ፊቱ አመድ መሰለ። "ግልገሏ ነው" አለ። "ሞቷል።"

ጭብጨባው ቆመ። የግልገሉን ጀርባ የሞተር ስለት ተልትሎታል። ማንሶክ ሞተሩን አጠፋ። ሌሎቹ ጀልባዎች ግን እየተጋፉ ወደ እናቲቱ ቀረቡ።

"ተዉአት! ሐዘን ላይ ናት እኮ!" ብሎ ጮኸ።

ከነጂዎቹ አንዱ ወጣት ሳቀ። "አጎቴ፣ መንገዱን ያሳዩን እርስዎ አይደሉ እንዴ? ዛሬ መነኮሱ?"

ማንሶክ አንገቱን ደፋ።

እናቲቱ ሬሳውን አምስት ቀን ተሸከመችው። ከዳር ሆነን እናያት ነበር። በስድስተኛው ቀን ብቻዋን መጣች።

ማንሶክ ጀልባውን ሸጠ። አሁን የድንጋይ አጥሩ ላይ ተቀምጦ ለመጣ ሰው ከየብስ ያሳያል፤ አንዳንድ ቀን ሦስት ሰው ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ማንም አይመጣም። በጀልባው እንግዶች ይተዳደር የነበረው ሰፈር "እንጀራችንን ዘጋ" ብሎ አኩርፎታል። ኦክሱን በስልሳ ስምንት ዓመቷ ወደ መጥለቁ ተመልሳለች።

ባለፈው ሳምንት አጠገቡ ተቀመጥኩ። ዓይኑን ከባህሩ ሳያነሳ፣ "የመታው የኔ ሞተር ቢሆንስ?" አለኝ። "ያን ሰሞን እኔም ተጠግቼ ነበር።"

አይደለም ልለው ፈለግሁ። ግን ያን ሰሞን እኔም ጀልባው ላይ ነበርኩ።