«ሠራተኛችን ናት»

በስልክ የሚጠራ መኪና መጥቶ የባሌ የታክሲ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ እኔ አዛውንት መንከባከብ ጀመርኩ። እዚህ አሜሪካ ከምኖርበት ከኢንግልዉድ ጋርዴና ድረስ ድራይቭ እያደረግኩ የምጠብቃቸው አሮጊት ጃቫ የተወለዱ ነበሩ፤ አባታቸው ሆላንዳዊ፣ እናታቸው የዚያው የኢንዶኔዥያ ሰው።

አልጋቸው አጠገብ የአንዲት ጠይም ሴት ፎቶ ነበር። ልጃቸው በመጀመሪያው ቀን «የእናቴ የልጅነት ሞግዚት ናት» ብሎኛል።

አንድ ቀን ለምሳ ፌርፋክስ ካለው የሐበሻ ምግብ ቤት ወሰድኳቸው። አስተናጋጇ ሹካ ብታመጣላቸው ገፋ አደረጉትና በእጃቸው ይጎርሱ ጀመር። ገርሞኝ «ማን አስተማረዎት?» አልኩ።

«እናቴ» አሉ። «ፎቶዋን አይተሻል።»

ከዚያ ነገሩኝ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች አባታቸውን ወሰዱ፤ በግዞት እንዳለ ሞተ። እሳቸውን ነጭ አክስታቸው ይዛቸው ጃፓኖች ነጮችን ወዳጎሩበት ካምፕ ገባች። እናታቸው የአገሬው ሰው ስለሆነች ውጭ ቀረች። ጦርነቱ አልቆ አገሩ ከሆላንድ ነጻ ልውጣ ሲል ደግሞ ለእሳቸውና ለአክስታቸው ቦታ ጠፋ፤ አይተውት ወደማያውቁት ሆላንድ በመርከብ ሊሄዱ ሆነ። እናታቸው ልትሸኛቸው ወደብ መጣች። አብራቸው የምትሳፈር አንዲት ሴትዮ «ይቺ ማን ናት?» ብላ ጠየቀች።

«አክስቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ» አሉ። «እኔም ‹ሠራተኛችን ናት› አልኩ። እናቴ የሆላንዶቹን ቋንቋ ትሰማ ነበር። ሻንጣዬን አንስታ እስከ መርከቡ ደረጃ ተሸከመችልኝ።»

«ከዚያ በኋላ አልጻፉላትም?»

«ምን ብዬ?»

እኔም በሱዳን በኩል ነው የመጣሁት፤ ለማለፍ ሲባል ሰው ምን እንደሚናገር ስለማውቅ አልፈረድኩባቸውም። ሆላንድ ብርዱም ሰዉም ፊት ነሳቸው፤ አግብተው አሜሪካ መጡ። ለልጃቸው ግን እውነቱን ሳይነግሩት ኖሩ።

ከገና በፊት አረፉ። ልጃቸው ቤቱን ሲያጸዳ ፎቶውን ከሚጣለው ካርቶን ውስጥ አየሁት።

«አያትህ ናት እኮ» አልኩት። «ራሳቸው ነግረውኛል።»

ረጋ ብሎ አየኝ። «እናቴ መጨረሻ ላይ ነገር ይምታታባት ነበር» አለ። «እናቴ ሆላንዳዊት ናት። ኦኬ?»

ኦኬ አልኩ። ፎቶውን ስጠኝ ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ቁልፉን መልሼለት ወጣሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀጣሪዎቼ ዌስትውድ የሚባል ሰፈር ሌላ ሥራ ሰጡኝ። እዚያ ያሉት አሮጊት ስለ ልጅነታቸው ሊነግሩኝ ሲጀምሩ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩላቸው።